የተባረረን ቪዲዮ ማስጠጋት ነጻነት ነው ወይስ ጦስ?

የማርቆስ ልጅ፦ ሰላም ለቤቱ። የአንድ ጓደኛዬ የወግና የቅኔ ቻናል በጅምላ ሪፖርት ተደርጎ ከአንድ ትልቅ መድረክ ወረደ። ምን እንዳጠፋ የነገረው የለም። ይግባኝ ሲልም የሚመልስለት ማሽን ነው። አሁን ራምብል ላይ ልክፈት ይላል፤ ቢትሹትና ኦዲሲንም አይቷል። ሦስቱም እንደ ዩቲዩብ ያሉ፣ ግን ትንንሽ የቪዲዮ መድረኮች ናቸው። እኔ ይክፈት ባይ ነኝ። እናንተስ?

ነርሷ ከቡሬ፦ እኔ አይመቸኝም። መጀመሪያ ጎረቤቶቹን እይ። ቢትሹት እ.ኤ.አ. በ2017 እንግሊዝ ውስጥ ሲከፈት ከሳንሱር ማምለጫ ነኝ ብሎ ነው። ከዩቲዩብ የተባረሩ ዘረኞች ተግተልትለው ገቡበት። ወግ ልትሰማ የገባ የአክስትህ ልጅ ከቅኔው ቀጥሎ ምን እንደሚቀርብለት አስበኸዋል?

የማርቆስ ልጅ፦ እንዴ! ክራይስትቸርች እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት መስጊድ ውስጥ 51 ሰው የጨረሰው ሰውዬ ላይቭ የገባው በፌስቡክ አይደል? ትልቁ ላይ እኮ ነው።

ነርሷ ከቡሬ፦ ነው። ግን ፌስቡክ በ24 ሰዓት ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ቅጂ አውርዷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ቡፋሎ፣ አሜሪካ ላይ 10 ሰው የገደለውንም ትዊች የሚባለው የላይቭ መድረክ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቆርጦታል። ቅጂው ግን ስትሪሜብል በሚባል ትንሽ የቪዲዮ ማስቀመጫ ላይ እስኪወርድ ድረስ ከ3 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። የሚጠብቅ ሰው ከሌለ እንዲህ ነው።

የማርቆስ ልጅ፦ የሚያወርድ ሁሉ ጠባቂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የዩቲዩብ ማሽን ጽንፈኛ ቪዲዮ ሲያሳድድ የሶሪያን ጦርነት የመዘገቡ ቻናሎችን ጠራርጎ አወረደ። ማስረጃ ነበር እኮ! ከጩኸት በኋላ የተመለሰ አለ፤ ቀልጦ የቀረም አለ።

መምህሩ ከባሕር ዳር፦ ሁለታችሁም አንድ ነገር ዘለላችሁ። ትልቆቹ ይጠብቃሉ፣ ትንንሾቹ አይጠብቁም ብላችሁ ነው የምትከራከሩት። ይህ ለእንግሊዝኛ ይሠራ ይሆናል። በአማርኛ ግን ትልቆቹም ባለቤት እንደሌለው ሜዳ ናቸው። ሩቅ አትሂዱ። ጥቅምት 2014 እዚሁ ከተማችን አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ደጃፋቸው ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውና ፎቷቸው ፌስቡክ ላይ ሲዞር ነበር። ልጃቸው ሪፖርት ባደርግም አልሰሙኝም ብሎ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ከሰሰ። የኬንያ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። የትኛው ቢትሹት ነው ይህን ያመጣው?

ደግሞ የእኛ ሰው ክፋቱን ፊት ለፊት አይናገርም። በሰምና ወርቅ ይጠቀልላታል። የሰፈር ሰው ሁሉ ይገባዋል። ማሽኑ ግን ገና ጉባኤ ቃና አላለፈም። ለዚህ ነው ተሳዳቢው ተቀምጦ ባለቅኔው የሚባረረው።

የማርቆስ ልጅ፦ 😂 መምህር፣ ይሄን ለጓደኛዬ እነግረዋለሁ።

ፍላሽ ቤቱ ከፍኖተ ሰላም፦ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ እዚህ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ያ ሁሉ ቪዲዮ የት ሄደ? እኔ ሱቅ መጣ። ለዓመት ገደማ ሰው ሜሞሪውን ይዞ ይመጣል፤ ፎልደሩ ላይ «አዲስ» ተብሎ ተጽፏል። የት ተቀረጸ? መቼ? ማን ቀረጸው? የሚያውቅ የለም። የሰው አገር ጦርነት የእኛ ነው ተብሎ ሲጫን አይቻለሁ፤ የወታደሮቹ መለዮ ያስታውቃል። ዜንደር (ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል ማስተላለፊያው) ላይ ሪፖርት የሚባል ነገር የለም። ሬሳ ያለበትን አልጭንም እል ነበር። ሰውየው ምንም አይለኝም፤ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ያለው ሱቅ ይገባል። ደጋግሞ የሚያየው ደግሞ ያንኑ ነው፤ ሌላ የሚያስተባብል ነገር አይደርሰውማ። እና መዝጋት መፍትሔ ነው የሚል ካለ እኔ ሱቅ ይምጣ።

ጠበቃው፦ ሕጉም እንዳይረሳ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር ጥቆማ የደረሰው የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሳ ይላል። ለቢትሹት ማን ይጠቁም? በእንግሊዝ ሕግ ከምገዛ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2025 አገልግሎቱን ለእንግሊዝ ተመልካች ዘግቷል። ራምብልም ፈረንሳይ የሩሲያን መንግሥት ሚዲያ አውርድ ስትለው እ.ኤ.አ. በ2022 ለፈረንሳይ ዘጋ። ለእነዚያ ያልታዘዘ ለእኛ ይታዘዛል ማለት ዘበት ነው።

ነርሷ ከቡሬ፦ ይኸው!

ጠበቃው፦ ቆይ እህትዓለም፣ አትቸኩይ። ማንሳቱን ለመንግሥት ብቻ ብንሰጠውስ? የካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ አንድ ላይ ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆይተዋል። ጥላቻ የሚነዛውም ቅኔ የሚዘርፈውም እኩል ቪፒኤን ሲፈልግ ከረመ።

ኮደሩ ከዳንግላ፦ ፒርቲዩብን የጠቀሰ የለም። ፍራማሶፍት የሚባል የፈረንሳይ ማኅበር የሠራው የቪዲዮ መድረክ ነው። አንድ ኩባንያ የለውም። ማንም የራሱን ሰርቨር (ቪዲዮው የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር) ያቆማል፤ ደንቡን ራሱ ያወጣል፤ ሰርቨሮቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ። እንደ እድር አስቡት። አንዱ ካፈነገጠ ሌሎቹ ግንኙነት ይቆርጡበታል። ተመልካቹም እያየ ቪዲዮውን ለሌላው ያካፍላል፤ ሰርቨሩ ብቻውን አይሸከምም።

ነርሷ ከቡሬ፦ የተቆረጠው ግን ብቻውን መቀጠል ይችላል አይደል?

ኮደሩ ከዳንግላ፦ ይችላል። አልዋሽሽም። ሰርቨሩን የሚያከራየው ካላባረረው ማንም አያጠፋውም።

መምህሩ ከባሕር ዳር፦ እንግዲህ ምርጫው ይህ ነው። ለእኔ ግን ከመድረኩ ስም በፊት የሚጠየቀው፣ አማርኛ የሚያነብ ሰው ተቀምጧል ወይ ነው። ራምብል ካለው ይግባ። ዩቲዩብ ከሌለው ምኑን ጠባቂ ሆነ?

የማርቆስ ልጅ፦ ራምብሉ ይቅርበት እሺ። ፒርቲዩብ ይሞክር። አስተያየቱን እኔና እሱ እየተፈራረቅን እናነባለን።

ነርሷ ከቡሬ፦ ሰርቨሩ በዶላር ነው የሚከፈለው። ካርድ አላችሁ?

ኮደሩ ከዳንግላ፦ እሱን በውስጥ እናውራ።

ነርሷ ከቡሬ፦ አውሩ። እኔ ግን አሁንም አልተስማማሁም።