ደረሰኙ ከማን ይጀምር?

አወያይ፦ ኅዳር 2017 ላይ መርካቶ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ነበር። የአዲስ አበባ ገቢዎች ቢሮ ያለ ደረሰኝ የሚሸጡትን ለመቆጣጠር ሠራተኞቹን ገበያው ውስጥ አሰማራ። ዕቃ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ ተነዛ፤ ቢሮው ሐሰት ነው አለ። ነጋዴው ሱቁን መዝጋቱ ልክ ነበር?

የልጆች ልብስ ነጋዴ፦ ከዘጉት አንዱ እኔ ነኝ። የዘጋሁት ፈርቼ ነው። ጥቅምት 11 እዚያው መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ዕቃችንን በትከሻ አውጥተን አስፋልት ላይ የከመርን ሰዎች ነን። ወር ሳይሞላ ደግሞ «ዕቃ ሊወስዱ ነው» ሲባል ማን ቆሞ ያጣራል?

በቁጥር ላስረዳችሁ። ከጅምላ ሻጩ የ100,000 ብር ዕቃ አነሳሁ እንበል። ደረሰኝ ስለው «በደረሰኝ ከሆነ ዕቃ የለም» ይለኛል። ቢያዝንልኝ የ30,000 ደረሰኝ ብቻ ይቆርጥልኛል። እኔ በ120,000 እሸጣለሁ። ከዚያ በላይ ልጨምር ብል ደንበኛው ጎረቤቴ ጋ ይሄዳል። ከ120,000 ውስጥ ቫቱ፣ ማለትም ዋጋው ውስጥ ያለው የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 15,650 ብር አካባቢ ነው። የግዢ ደረሰኝ ቢኖረኝ ስገዛ የከፈልኩት 13,000 ገደማ ተቀናንሶልኝ 2,600 ብር ብቻ አስገባ ነበር። ከሌለኝ ሙሉው ከእኔ ይወጣል። ትርፌ 20,000 ነበር። ኪራዩና የሠራተኛዬ ደመወዝ ገና አልተነካም። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ «ለገዛህበት ማስረጃ የለህም» ተብሎ ወጪዬ ውድቅ ይሆናል።

ደመወዝተኛ፦ ወንድሜ፣ ችግርህ ይገባኛል። የእኔንም ስማኝ። የእኔ ግብር ገንዘቡ እጄ ሳይገባ ነው የሚቆረጠው። የምዘጋው ሱቅ የለኝም። ቫት የተጀመረው በ1995 ነው፤ ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። አሁን እንደ ዱብ ዕዳ መቁጠር ልክ አይመስለኝም። ባለፈው ለልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ ልገዛ ገባሁ። ሻጩ መጀመሪያ የጠየቀኝ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ብሎ ነው። ሁለት ዋጋ አለው። የካሽ ሬጅስተር ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እኔም በርካሹ ገዛሁ፤ እስካሁን ይከነክነኛል። ያ ገንዘብ የመንገድና የጤና ጣቢያ ገንዘብ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ የነጋዴ መዝገብ እይዛለሁ። ሕግ በተቀየረ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። አንዱ ንግድ ፈቃዱን ሊመልስ ይደውላል። አንዱ በሚስቱ ስም ሌላ ፈቃድ አውጥቶ ሽያጩ ትንሽ እንዲመስል ለሁለት ሊከፍለው ያስባል። በጣም የሚያስፈራኝ ግን ደረሰኝ የሚገዛው ነው። ዕቃ የሌለው ደረሰኝ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ዛሬ ያድናል፤ ኦዲት ሲመጣ ግን ቤት ያስሸጣል። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ ደረጃ ሐ የሚባለውን የትንንሽ ነጋዴዎች የግብር ደረጃ አስቀርቷል። በቁርጥ ግብር የኖረ ባለ ትንሽ ሱቅ አሁን የሽያጭ መዝገብ ሊለምድ ነው። ማን ያስተምረዋል?

መዝጋቱን አልደግፍም። የቀን ሠራተኛውንና ተሸካሚውን ነው የጎዳው። ግን ቁጥጥሩ የተጀመረው ከተሳሳተው ጫፍ ነው። ኮንቴይነር ሲገባ ጉምሩክ ላይ ዲክላራሲዮን የሚባል የዕቃ ማስገቢያ ወረቀት አለው። ማን እንዳስገባው፣ ምን ያህል እንደሆነ ተጽፏል። ከዚያ ተነስቶ አስመጪው ለማን ሸጠ፣ ያኛውስ ለማን ብሎ መውረድ ይቻላል። ፌስታል ይዞ የሚወጣን ደንበኛ በር ላይ ማስቆም ግን የመጨረሻዋን ቀለበት ብቻ መያዝ ነው።

ደመወዝተኛ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን ከላይ እስኪስተካከል ታችኛው ዝም ይባል ማለት አይደለም። እምቢ ያለውን ጅምላ ሻጭ ለምን አትጠቁሙም?

የልጆች ልብስ ነጋዴ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ያንን ዕቃ የሚያመጡት ሦስት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ይተዋወቃሉ። ግማሹን ዕቃ የሚሰጡኝ በዱቤ ነው፤ ውላችን ቃል ብቻ ነው። ዛሬ አንዱን ብጠቁም ነገ ማናቸውም አይሸጡልኝም። ለመስከረም ልብስ የምገዛው ከእነሱ ነው። እህቴ እንዳለችው ከጉምሩክ ወረቀት ተነስተው ራሳቸው ይድረሱበት። ያን ቀን የእኔም ማሽን ሲቆርጥ ይውላል።