ሲቲ ስካኑ «ደሙ ጠፍቷል» አለ፣ ኤምአርአዩ ደግሞ ጥቁር ነገር አሳየ፤ የቱን ልመን?

ጥያቄ

ሰላም ወገኖች። በጣም ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። አባቴ ከሦስት ወር በፊት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ስትሮክ መታቸው። ሴት ልጃቸው ነኝ፣ የማስታምማቸውም እኔ ነኝ። ቀድሞም ደም ግፊት አለባቸው። የዚያኑ ቀን ሲቲ ስካን ተነሱ፤ በግራ በኩል፣ ጥልቅ ቦታ ላይ፣ ነጭ ነገር ቦግ ብሎ ይታያል። ሪፖርቱ 4 በ3 በ3 ሴንቲ ሜትር ይላል። በስድስተኛው ሳምንት ሲደገም ነጩ የለም። «ደሙ ጠፍቷል» ተባልን፣ ቤቱ በደስታ ተሞላ። ግን ቀኝ እጃቸው ያው ነው፣ ጣታቸውን እንኳን በደንብ አያጥፉም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ኤምአርአይ ታዞላቸው ተነሱ። እዚያው ቦታ ላይ ጥቁር ነገር አለ፣ ሌላ ቦታም አራት ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች ተገኙ፤ ሪፖርቱ «ማይክሮብሊድ» (በጣም ትንንሽ የደም መፍሰስ ምልክቶች) ይላቸዋል። ቀጠሯችን ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፣ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እንደገና ደም እየፈሰሰ ነው ማለት ነው? እጃቸው ይመለስ አይመለስስ ከምስሉ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፣ ከራዲዮግራፈር

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። እዚያው ቦታ ላይ ያለው ጥቁር ነገር የድሮው ደም ጠባሳ ሊሆን ይችላል፣ ከሦስት ወር በኋላ የሚጠበቅም ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች የሚያዩት የተለያየ ነገር ስለሆነ ነው የተጣሉ የመሰለሽ። ሲቲ በራጅ ጨረር ነው የሚሠራው። ትኩስ የረጋ ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ጨረሩን ከአንጎሉ ሥጋ ይበልጥ ስለሚያስቀር ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሰውነት ያንን ፕሮቲን ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል፤ ነጩ ከዳር ወደ ውስጥ እየደበዘዘ ይሄድና በሳምንታት ውስጥ መጀመሪያ አንጎሉን ይመስላል፣ ከዚያም ከአንጎሉ ይጠቁራል። ስለዚህ ሲቲ ላይ «ደሙ ጠፋ» ማለት ነጭነቱ ጠፋ ማለት ነው እንጂ የተጎዳው ሥጋ ተመለሰ ማለት አይደለም። ይህን ለቤተሰብ ቁጭ ብለን ስለማናስረዳ በጣም አዝናለሁ፣ ስንቱ ሰው በዚህ ቃል ተደስቶ ኋላ ግራ ይጋባል።

ኤምአርአይ ግን ማግኔት ነው። ከደሙ የቀረው ብረት ሄሞሲደሪን ሆኖ እዚያው ይቀመጣል፣ ዙሪያውን ያለውን የማግኔት መስክ ይረብሻል፤ በተለይ ኤስደብሊውአይ በሚባለው የምስል ዓይነት ላይ ጥቁር ሆኖ፣ ከእውነተኛ መጠኑም ገዝፎ ይታያል። ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የጥቁሩን ስፋት አይተሽ አትደንግጪ።

መልስ፣ ከአንድ አስታማሚ

እኔም እናቴን አስታምሜ በዚህ አልፌያለሁ፣ አይዞሽ። ለእኛ የተነገረን ደሙ ትንሽ ከሆነ ቶሎ ይድናሉ፣ ብዙ ከሆነ ግን ይከብዳል ነው። የአባትሽ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ጠይቂያቸው።

መልስ፣ ከኒውሮሎጂ ሬዚደንት

መጠኑን ከሪፖርቱ ራስሽ ማስላት ትችያለሽ። ሦስቱን ልኬቶች አባዢና ለሁለት አካፍዪ፦ 4 ሲባዛ በ3 ሲባዛ በ3፣ 36 ነው፤ ለሁለት ሲካፈል 18 ሚሊ ሊትር። ግምት ነው፣ ግን እኛም ድንገተኛ ክፍል የምንሠራበት ስሌት ነው። 30 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ሲሆን የሞት አደጋን በምንገምትበት ነጥብ ላይ አንድ ነጥብ ይጨምራል። የአባትሽ ከዚያ በታች ነው።

ነገር ግን ከላይ በተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእጅ እንቅስቃሴ ከመጠኑ ይልቅ ቦታው ሊበልጥ ይችላል። ከአንጎል ወደ እጅና እግር የሚወርዱት ክሮች ጥልቁ ቦታ ላይ በጠባብ መተላለፊያ ተጨናንቀው ነው የሚያልፉት፣ እዚያ ትንሽ ደም እንኳን ብዙ ያበላሻል።

ነጠብጣቦቹን በተመለከተ «የት ናቸው?» ብለሽ ጠይቂ። ታላመስን (የአንጎል መሃል ላይ ያለ ክፍል ነው) በመሰለ ጥልቅ ቦታ ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ግፊቱ ለረጅም ጊዜ ትንንሽ ሥሮችን እንደጎዳ ያመለክታሉ። በአንጎሉ ውጫዊ ክፍል ብቻ ከሆኑ ደግሞ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ሥሮቹ ላይ ተከማችቶ ሊሆን ይችላል፣ ያ ሌላ በሽታ ነው። ልዩነቱ ለምሳሌ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ላይ የሚወሰነውን ይለውጣል። በራሳችሁ ግን ምንም መድኃኒት እንዳታቆሙ፣ እንዳትጀምሩም። ሐኪሙ አሁን ኤምአርአይ ያዘዘውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም፦ ትኩስ ደም ከሥሩ ያለውን የደም ሥር ችግር ወይም ዕጢ ሊሸፍን ይችላል፣ ደሙ ሲመጠጥ ነው ቦታው የሚገለጠው።

ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ መደናገር ወይም አዲስ ድክመት ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል።

መልስ፣ ከምርምር ተማሪ

ስለ እጃቸው ልመልስልሽ፣ የማጠናው እሱን ስለሆነ። ዲቲአይ የሚባል የኤምአርአይ ዓይነት አለ። ውኃ በነርቭ ክሮቹ አቅጣጫ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይለካና የክሮቹን ሁኔታ ይገምታል። እንቅስቃሴን የሚያወርደው መንገድ ደህና ሆኖ የታየባቸው ሕመምተኞች በአማካይ የተሻለ ያገግማሉ። በአማካይ ነው እንግዲህ፤ ስለ አንድ ሰው እጅ እርግጠኛ ፍርድ አይሰጥም፣ እኔ በበኩሌ ምስል አይቼ «አይመለስም» የሚል ሰው አልሆንም።

ሌላው፣ አንጎል ሲሠራ የሚያሳየውን ኤፍኤምአርአይ የሚባለውን ምርመራ ካነሱላችሁ አንድ ነገር እወቁ። ያ ያልነው ብረት በአቅራቢያው ያለውን ሲግናል ያጠፋዋል። ቦታው ባዶ ሆኖ ስለታየ ብቻ እዚያ ያለው አንጎል አይሠራም ማለት አይቻልም። እኛም ከደም መፍሰስ በኋላ የተነሳ ምስል ስናነብ መጀመሪያ የምንጠነቀቀው ይህን ነው።

ከጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሪፖርቱን ደግሜ አነበብኩት። ሁለቱ ነጠብጣቦች ታላመስ ላይ፣ ሁለቱ ደግሞ ሌላ ጥልቅ ቦታ ላይ ናቸው። ቤት ስለካቸው ግፊታቸው ከ150 በላይ ነው፣ እኛ ግን ከድሮው ስለቀነሰ ጥሩ መስሎን ነበር። ለሐኪሙስ ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፣ ከኒውሮሎጂ ሬዚደንት

ደም ፈሶ ለተረፈ ሰው ለረጅም ጊዜ የሚመከረው ወደ 130 በ80 ማውረድ ነው። በ150 ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፣ ነገውኑ ደውለሽ ንገሪያቸው። እስከዚያ ጠዋትና ማታ እየለካሽ በወረቀት ጻፊው።

መልስ፣ ከራዲዮግራፈር

ሦስቱንም ምርመራ ይዘሽ ሂጂ፣ የመጀመሪያውን ቀን ሲቲ ጨምሮ። ከስክሪን ላይ በስልክ የተነሳ ፎቶ አይበቃም፣ ሐኪሙ ምስሎቹን አንድ በአንድ ማገላበጥ አለበት። ያነሳችሁ ቦታ ዳይኮም የሚባለውን ዋናውን የምስል ፋይል በሲዲ ወይም በፍላሽ እንዲሰጥሽ ጠይቂ፣ እዚያው ቆመሽ ኮምፒውተር ላይ አስከፍቺው፣ ኤስደብሊውአዩም መግባቱን አረጋግጪ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እሱ ነው።