ኢንተርቪው አድርገው ድምፃቸውን የሚያጠፉ ቀጣሪዎችን ምን እናድርጋቸው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራ ፍለጋ ላይ ያላችሁ ወይም ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ውስጥ የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ መልሱልኝ። በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ስሠራ ነበር። ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ውሎዬ ማመልከት ሆኗል። የቴሌግራም ቻናሎቹን አያለሁ፣ ኢትዮጆብስን አያለሁ፣ እሁድ ሪፖርተር ጋዜጣን አገላብጣለሁ።

ሳይቀጥሩኝ ቢቀሩ ተወዳዳሪው ብዙ ነው ብዬ እቀበላለሁ። ዝምታውን ግን መቀበል አቅቶኛል። በቅርቡ አንድ ድርጅት የጽሑፍ ፈተና ሰጠን፣ አልፈሻል ተብዬ ለኢንተርቪው ተጠራሁ። የድሮ ደሞዜን ጠየቁኝ፣ መቼ መጀመር እንደምችል ጠየቁኝ፣ ተያዥ ማቅረብ እችል እንደሆነ ሳይቀር ጠየቁኝ። እኔም እውነት መስሎኝ አጎቴን ለምኜ ከመሥሪያ ቤቱ የዋስትና ደብዳቤ አጻፍኩ። «እንደውልልሻለን» ብለው ሸኙኝ። ይኸው እስካሁን የለም። ስደውል ስልክ የምታነሳው ልጅ «የተመረጡት ብቻ ነው የሚጠሩት» ትለኛለች። ኢሜይል ብጽፍ መልስ የለም።

ከዚያ በፊት ያለው ጣጣስ? ደሞዝ «በስምምነት» ይላል። አንዳንዴ የድርጅቱ ስም እንኳ አይጻፍም። ከግል ድርጅት የመጣ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይረጋገጥ ስለሚባል ለዚያ ደብዳቤ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ደጋግሜ ተመላልሻለሁ። ይህን ሁሉ አሟልቼ ስሄድ «ጥበቃው ጋ አስቀምጪው» እባላለሁ። ማን እንደሚያየው አይታወቅም፣ መታየቱም አይታወቅም።

በአካል ሄዶ መጠየቅ ይሻላል? እስከ መቼ ይጠበቃል? ኤችአር ያላችሁ ደግሞ ይህን ንገሩኝ፣ «አልተመረጥሽም» የሚል አጭር የስልክ መልእክት መላክ ምን ያህል ቢከብድ ነው?

ኤችአር ነኝ፦
እህቴ፣ ሙያው ውስጥ ስላለሁ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ለአንድ የጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ቦታ የሚመጣው ማመልከቻ በመቶዎች ይቆጠራል። ብዙ ቦታ ያንን የሚያጣራው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ፔይሮሉን፣ የዓመት ፈቃዱን፣ የጡረታ ጉዳዩን ሁሉ ደርቦ ይዞ። ስለዚህ በመጀመሪያው ማጣሪያ የወደቀ ሁሉ መልስ ያገኛል ብዬ አልዋሽሽም። ኢንተርቪው ላይ የደረሱት ግን አምስት ስድስት ሰው ናቸው። ለእነሱ አለመደወል ምንም ሰበብ የለውም።

ዝም የሚባልበትን ምክንያት ልንገርሽ። አንደኛ የሆነው ሰው ውል እስኪፈርም ሁለተኛዋን በተጠባባቂነት ማቆየት ይፈልጋሉ። ከፈረመ በኋላም የሙከራ ጊዜ አለ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ። በዚህ መሀል ልጁ ጥሎ ቢሄድ አንቺን ሊጠሩ ያስባሉ፣ «አልተመረጥሽም» ካሉሽ ደግሞ ሌላ ቦታ ትገቢያለሽ ብለው ይሰጋሉ። ተጠባባቂ መሆንሽን ቢነግሩሽ ግን ምን ይጎድልባቸዋል? አንዳንዴ ደግሞ በጀት ተብሎ ቅጥሩ ይቆማል፣ ለእኛም ለምን እንደቆመ የሚነግረን የለም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ቦታው ለውስጥ ሰው ታስቦ እያለ መመሪያው ማስታወቂያ ይውጣ ስለሚል ብቻ የሚወጣው ነው። ሰው ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ፣ የታክሲ ከፍሎ፣ ፎቶ ኮፒ አስነስቶ ይመጣል። ይህ ነውር ነው። ስብሰባ ላይ ሁሌ እከራከርበታለሁ።

ለሚቀጥለው፣ ኢንተርቪው ሲያልቅ «ጥያቄ አለሽ?» ይሉሻል። ያኔ ውሳኔው እስከ መቼ እንደሚታወቅና ማንን መጠየቅ እንዳለብሽ ጠይቂ። ስምና ቀጥታ ስልክ ሳትይዢ እንዳትወጪ።

የኮተቤ ልጅ፦
በአካል ሂጂ እህቴ። ኢሜይሉን የሚከፍተው የለም። ሰኞ ስብሰባ ይበዛል፣ ዓርብ ከሰዓት ሰው አይገኝም፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሻላል። ሪሴፕሽን ላይ ያለችውን በትህትና አናግሪያት፣ የማንን ቢሮ ማንኳኳት እንዳለብሽ የምታውቀው እሷ ናት። እኔ አሁን ያለሁበትን ሥራ ያገኘሁት እንዲህ ነው። ኃላፊው ፊቱ ስቆም ፋይሌን አስፈልጎ አየው። ካልሄድኩ ያ ፋይል እዚያው ይቀር ነበር።

ብሩክ ከሐዋሳ፦
የኮተቤው ወንድሜ፣ አንተን ጠቅሞህ ይሆናል፣ እኔ ግን አልስማማም። ሐዋሳ ሆኜ አዲስ አበባ ላመለከትኩት እንዴት አድርጌ ነው ማክሰኞ ጠዋት ሪሴፕሽን ላይ የምቆመው? ሥራ በደጅ ጥናት ከሆነ አቅም ያለውና ቅርብ ያለው ብቻ ይቀጠራል።

ደላላውን ያበዛውም ይኸው ዝምታ ነው። ሰው ከቀጣሪው አንድ ቃል ሲያጣ «እኔ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚለውን ያምናል። ቴሌግራም ላይ የመመዝገቢያ ክፈሉ፣ የፎርም ክፈሉ የሚሉት ሞልተዋል። ይህን ሁላችሁም እወቁት፣ አገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል እንደሌለበት ያው አዋጅ 1156 ላይ ተጽፏል። ክፍያው የቀጣሪው ነው። «ቅድሚያ ክፈይ» ያለሽን ወዲያው ተይው።

የቶሮንቶዋ፦
እህቴ፣ እዚህም ያው ነው። ሲቪ ትልኪያለሽ፣ ሲስተሙ ይቀበላል፣ መልስ ከመጣም መልሰሽ ልትጽፊበት ከማትችይው አድራሻ ነው። አንዳንዱ ቀጣሪ ኢንተርቪውን ራሱ ለብቻሽ ካሜራ እያየሽ ቅረጪ ይልሻል፣ ከወዲያ በኩል ሰው የለም። ከአገር ቤት የብዙ ዓመት ልምድ ይዘን መጥተን «የካናዳ ልምድ አለሽ?» መባሉ ደግሞ ሐበሻውን ሁሉ ያቆሰለ ነገር ነው።

አሁን ግን በሕግ የተቀየረ ነገር አለ። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ግዛት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ፣ ለወጣ ማስታወቂያ ኢንተርቪው ያደረገውን ሰው በ45 ቀን ውስጥ ውሳኔ ላይ መድረሱን ወይም አለመድረሱን ማሳወቅ ግዴታው ነው። ማስታወቂያው ላይም አመልካቾችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያጣራ ከሆነ ይናገራል፣ ቦታው በእርግጥ ክፍት መሆን አለመሆኑን ይጽፋል፣ ለአብዛኛው ሥራም የደሞዙን መጠን ያስቀምጣል። የካናዳ ልምድ ይኑርሽ ብሎ መጻፍም ተከልክሏል። ይህን የምነግርሽ ለወሬ አይደለም። በሕግ ሊጻፍ የሚችል ነገር ከሆነ አገር ቤትም ልንጠይቀው እንችላለን። ቢያንስ ለኢንተርቪው የጠራ መልስ ይስጥ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ተጠባባቂ የሚለውን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ብሩክ ያልከው ልክ ነው፣ እኔ ግን እዚሁ ስላለሁ ማክሰኞ እሄዳለሁ። ቅጥሩ አለቀ ወይስ አላለቀም ብዬ በቀጥታ እጠይቃለሁ። ኤችአሩ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አጎቴ ያጻፈልኝ የዋስትና ደብዳቤ ለሌላ ድርጅት ይሆነኛል? እንደገና ላስቸግረው አፍሬያለሁ።

ኤችአር ነኝ፦
የድርጅቱ ስም ከተጻፈበት ለሌላ አይሆንም፣ ሌላ ማጻፍ አለበት። ግን አሁን አታስቸግሪው። ደብዳቤው የሚያስፈልገው ሥራው በእርግጥ ከተሰጠሽ በኋላ፣ ውል ልትፈርሚ ስትይ ነው። ኢንተርቪው ላይ ከጠየቁሽ «ስመረጥ አቀርባለሁ» በይ፣ ይበቃል። ማክሰኞ ስትሄጂ ማመልከቻሽ የተመዘገበበት ቁጥር ካለ ያዢ፣ ፋይሉን ቶሎ ያገኙታል። የሚሉሽን እዚህ ጻፊልን።