አስቸኳይ፦ ክሌሪኩ ለሌላ አምላክ ማለ፣ አስማቱ ይቀርበታል?

የማታ_ማስተር፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ላይ እንጫወታለን። ዲ ኤንድ ዲ ነው፣ ገጸ ባሕርይ ይዘን በዳይስ የምንጫወተው፤ የምመራው እኔ ነኝ። ዓለሙ ፎርጎትን ሪልምስ ይባላል። የንጋት አምላክ የላታንደር ክሌሪክ (አስማቱን ከአምላኩ የሚያገኝ ካህን) የሆነው ልጅ ባለፈው ሳምንት ዋሻ ውስጥ የአምላኩን ምልክት ከአንገቱ አውልቆ ወረወረና ለጨለማዋ አምላክ ለሻር ማለ። ከጠዋት ጀምሮ «ኪውር ዉንድስ (ቁስል የሚፈውሰው አስማት) ይሠራልኛል ወይስ አይሠራም?» እያለ በቴክስት ጨረሰኝ። አስማትን በትምህርት የምትሠራው ዊዛርዷም «የኔስ?» እያለች ነው።

ቀይ_ዳይስ፦ አለቀለት። አስማቱን ሁሉ ውሰድበትና አቶንመንት (የንስሐ አስማት) ያስደርግ።

የድሮ_ተጫዋች፦ ወንድሜ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በዚያ ዓለም በዴል አቆጣጠር በ1358 ቤን እና ሚርኩል የሚባሉ አማልክት የዕጣ ጽላቶችን ሰረቁ። የአማልክት ሁሉ የበላይ የሆነው ኤኦ ተቆጥቶ አማልክቱን ወደ ምድር ጣላቸው። የአስማት አምላኳ ሚስትራ ተመልሳ ወደ ሰማይ ልትወጣ ስትል ደረጃውን የሚጠብቀው አምላክ ሄልም ገደላት። ቦታዋንና ስሟን ሚድናይት የምትባል ሰው ወሰደች። ከዚያ ወዲህ የአምላክ ጉልበት የሚመጣው ከአማኞቹ ነው። ስለዚህ አንድ አማኝ ሲሄድ ላታንደርም ይጎድልበታል። ቸኩሎ አይጥለውም። ዊዛርዷ አትስጋ፤ የእሷ አስማት የሚቀዳው ከዊቭ፣ ማለትም ከዓለሙ የአስማት ድር ነው፣ የዊቭ ጠባቂ ደግሞ ሚስትራ ናት።

ቀይ_ዳይስ፦ አልኩ እኮ፣ አቶንመንት።

ሚጢጢ_ጎብሊን፦ እሱ የ3ኛው ኤዲሽን (የድሮው የሕግ እትም) ነው። በ2014ቱ 5ኛ ኤዲሽን ክሌሪክ ሲከዳ አስማቱን ያጣል የሚል ሕግ የለም። መሐላ ስለማፍረስ የተጻፈው ለፓላዲን፣ በመሐላ ለታሰረው ተዋጊ ነው። ደግሞስ ከዳ ያለው ማነው? ለምን ማለ?

የማታ_ማስተር፦ የ2014ቱን ነው የምንጫወተው። የማለው የታሰረችውን ልጅ እንዲለቁለት ነው።

ሚጢጢ_ጎብሊን፦ ታዲያ ዋናውን ነገር ትተህ ነዋ የጠየቅከው! አፉ ማለ እንጂ ልቡ አልሄደም። ልጅ ስላዳነ የሚቀጣ አምላክ ማን ያመልካል?

ፀሐይ_ወጣች፦ ላታንደር የንጋት አምላክ አይደል፤ የሌሊቱ ወሬ ገና አልደረሰው ይሆናል 😄

ቡና_እና_ዳይስ፦ የላታንደር ሰዎች ሲነጋ ነው የሚጸልዩት። ዛሬ ከዚያ ጀምር። ልጁ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይንበርከክ። ፀሐይዋ ትውጣ፣ እጁ ግን ይቀዝቅዝ። ከጀርባው ያለው ጥላ ትንሽ ረዘም ይበል። ሻርም የማለላትን አልረሳችማ። አስማቱን አትንካበት፤ ማንን እንደሚጠራ እሱ ይምረጥ።

አንድ ነገር ግን አጣራ፦ ምልክቱን አንስቶታል? ዋሻው ውስጥ ከቀረ ኪውር ዉንድስ ይሠራለታል፣ ቃልና እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ብሌስ (የበረከት አስማቱ) ግን ያለ ምልክቱ ወይም ያለ ተባረከ ውሃ አይሠራም። ለማምጣት ደግሞ ወደዚያው ዋሻ መመለስ አለበት።

ቀይ_ዳይስ፦ ይሄስ አሪፍ ነው። ማስተር፣ ምልክቱ የት ነው?