አባቴ ከስትሮክ በኋላ እግሩ እየተጎተተ ነው፣ ምን እናርግ?

የባህርዳር ልጅ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ አባዬን ስትሮክ መቶት ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ነው፣ ስንደግፈው ይቆማል ግን ሲራመድ ጣቱ መሬት እየነካ ይደናቀፋል፣ እማዬ ደሞ ይረፍበት አትነካኩት ትላለች

ጣና ዳር፦
እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። እማማን ቀስ ብለህ አስረዳቸው፣ አንጎል መራመድን መልሶ የሚማረው በመደጋገም ነው፣ ብዙው ለውጥ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ይመጣል ከዛም በኋላ አለ። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ አስጀምሩት፣ በርጩማ ሳይሆን ከፍ ያለ ወንበር፣ እግሩን ወደ ኋላ ሰብስቦ ጎንበስ ብሎ ይነሳ ሁለቱም እግር ላይ እኩል ይቁም። ስትደግፉት በደከመው ጎን ሁኑ፣ እጁን ግን እንዳትጎትቱ ትከሻው ይጎዳል!!

ፊዚዮ፦
ልክ ነው። ጣቱ የሚጎተተው እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ ስለደከመ ነው፣ ለሱ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ አለ፣ ፊዚዮቴራፒስት አይቶት በልኩ ይሁን። ከዘራውን በቀኝ ይያዝ፣ ብዙ ቤተሰብ በደከመው እጅ ያስይዛል (ለምን እንደሆነ እንጃ)። ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርድ የደከመው። ሸበጥ ይቅር፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ አርጉለት። የግፊት መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ ስትሮክ ይደገማል።

የባህርዳር ልጅ፦
ተባረኩ። ጣና ሐይቅ ዳር ወክ ላስደርገው አስቤ ነበር?

ፊዚዮ፦
መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ኮብልስቶን ገና ነው። ሲበረታ በጠዋት ሳይሞቅ ውሰደው፣ መሀል ላይ የሚያርፍበት መቀመጫ ያለበትን ቦታ ምረጥ