እናቴን ይዤ ቁልቢና ሐረር፦ 20 ሺህ ብር ይበቃል?

የእናቱ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የቁልቢ ገብርኤል ስለት አለባት፤ ወንድሜ ታሞ ሳለ የተሳለችው ነው። እግረ መንገዳችንንም ሐረርን ላሳያት እፈልጋለሁ፤ በዚያ አቅጣጫ ከቢሾፍቱ አልፋ አታውቅም። ከአዲስ አበባ ተነሥተን እስክንመለስ ለሁለታችን የያዝኩት 20 ሺህ ብር ብቻ ስለሆነ አውሮፕላን አይታሰብም። በአውቶቡስ ይሻላል ወይስ በባቡር? ታኅሣሥ 19 ብንሄድ አልጋ በአቅማችን እናገኛለን? ጉልበቷን ስለሚያማት መሬት ላይ ማደር አትችልም።

ከዚራ፦
ወንድሜ፣ ባቡሩን ለሌላ ጊዜ አቆየው። ሐዲዱ ከአዋሽ በኋላ ቆላ ቆላውን በሚኤሶ በኩል ነው ድሬዳዋ የሚገባው፤ ቁልቢ ደግሞ ደጋው ላይ፣ በመኪናው መንገድ ዳር ናት። በባቡር ከመጣችሁ ድሬዳዋ ወርዳችሁ የደንገጎን ዳገት ሽቅብ ትመለሳላችሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ በየቀኑ አይነሣም። የለቡም የድሬዳዋም ጣቢያ ከመሐል ከተማ ውጭ ስለሆነ ከትኬቱ ያተረፍከውን ታክሲና ባጃጅ ይወስዱታል።
የሐረር ወይም የድሬዳዋ አውቶቡስ ግን በጭሮ አድርጎ ቁልቢን አቋርጦ ያልፋል። ትኬት ስትቆርጥ ቁልቢ እንደምትወርዱ ተናገር፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስከፍሉት እስከ መጨረሻው ያለውን ታሪፍ ነው፣ አትከራከር። ትኬቱን ከደላላ ሳይሆን ከመስኮቱ፣ ቀደም ብለህ ቁረጥ። ለእናትህ በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ጠይቅላት፤ እግሯን ዘርጋ ታደርጋለች።

ወለተ ሥላሴ፦
ልጄ፣ ዋናው ወጪ መንገዱ ሳይሆን ቀኑ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አገሩ በሙሉ ቁልቢ ይከተታል። በእነዚያ ቀናት አልጋ ጭራሽ አይገኝም፤ ከተገኘም ዋጋው አይቀመስም። ሕዝቡ የሚያድረው ድንኳን ውስጥና ሜዳ ላይ ነው፣ ሌሊቱ ደግሞ ብርዳም ነው። ገብርኤል ግን በየወሩ በ19 ይታሰባል። ጥር 19 ብትሄዱ ቅዳሴውን ታስቀድሳላችሁ፣ ስለቱን ታስገባላችሁ፣ እናትህም ሳትጋፋ ትሳለማለች።

ባለማኅበሩ፦
እናቶች ግን እንዲህ በቀላሉ የሚስማሙ አይመስለኝም። «በንግሡ አደርሳለሁ» ብላ ተስላ ከሆነ ጥር ብትሏት እሺ አትልም። መጀመሪያ እሷን ጠይቅ። ንግሡ ግድ ከሆነ በየሰፈሩ ያሉ የጉዞ ማኅበራትን አነጋግር፤ አውቶቡስ በጋራ ስለሚከራዩ የነፍስ ወከፍ ክፍያው ይቀንሳል፣ ድንኳንና ፍራሽም ይዘው የሚሄዱ አሉ። ከመክፈልህ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጥ፦ ማደሪያና ምግብ ክፍያው ውስጥ አለ ወይ? ሲመለሱስ ሐረር ይገባሉ ወይ? ብዙዎቹ ሐረር ሳይገቡ ነው የሚመለሱት።
ታኅሣሥ 19 የነቢያት ጾም ውስጥ ስለሆነ ስንቁ ቀላል ነው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ ከቤት ቋጥሩ። መንገድ ዳር ምሳ ለመብላት በቆማችሁ ቁጥር ብሩ ሲያልቅ አይታወቅም።

የጀጎል ልጅ፦
ሐረር ላይ እኔ ልርዳህ። ከቁልቢ ወደ ሐረር በሚኒባስ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ነው፤ ቀጥታ ካጣችሁ ደንገጎ መገንጠያ ላይ ትቀይራላችሁ። ከሐረር በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ስላለ ድሬዳዋ መውረድ አያስፈልጋችሁም። የአንድ ቀን አልጋና ምግብ ተረፈ ማለት ነው።
አልጋውን ከጀጎል፣ ማለትም አሮጌውን ከተማ ከከበበው ግንብ ውጭ ያዙ፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ባጃጅ በር ድረስ ያደርሳል። ግንቡ ውስጥ ባህላዊ ቤቶችን ለእንግዳ የሚያከራዩ አሉ፣ ያምራሉም፤ ግን መተላለፊያው ዳገትና ኮብልስቶን ነው፣ ለጉልበቷ አልመክርም። ቀን ቀን በሐረር በር ገብታችሁ ወደ መሐል ውረዱ። የራስ ተፈሪን ቤትና የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት አሳያት፤ ሁለቱም ሙዚየም ናቸው። የቁልቢን ገብርኤል ያሠሩት ራስ መኰንን ሐረርን ያስተዳደሩ ስለነበሩ፣ ጉዞው ለእናትህ አንድ ታሪክ ይሆንላታል። ማታ ሰው ጅብ ሲያበላ ለማየት ከፈለጋችሁ ዋጋውን ከመቆማችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ባጃጁንም ለደርሶ መልስ ተስማሙት፣ በጨለማ ሌላ አታገኙም።
ምግብ ላይ አትጨነቅ፤ ጠዋት ፉል፣ ከሰዓት ሳምቡሳ። በጾም ከሆነ የምስሩን ጠይቅ፣ የሥጋም ስላለ። ከረመዳን በኋላ ያለው የሹዋሊድ በዓል ከጉዟችሁ ጋር ከገጠመ አልጋ አስቀድመህ ያዝ፤ ከተማዋ በእንግዳ ትሞላለች።

ከዚራ፦
ድሬዳዋን እንዲህ ዘለላችኋት! ከፊራ ገበያን ሳያዩ ምሥራቅ ሄድኩ ማለት አለ? ግን እውነቱን ነው፣ በዚህ ብር አንዷን መተው ግድ ነው።

የእናቱ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን ጠየቅኋት፤ «ቀን አልቆረጥኩም፣ ጃንጥላውን ብቻ ነው የተሳልኩት» አለች። ስለዚህ ጥር 19 ሆኗል። አሁን የምጠይቀው፣ ከዋዜማው ቁልቢ ማደር ይሻላል ወይስ ሐረር አድረን በጠዋት መሄድ?

ወለተ ሥላሴ፦
ቁልቢ እደሩ። ቅዳሴው ማልዶ ነው፤ ከሐረር ተነሥታችሁ አትደርሱም። 18 ከሰዓት ብትገቡ አልጋ መርጣችሁ ትይዛላችሁ። ክፍሉን ሳታይና ተጨማሪ ብርድ ልብስ ሳትጠይቅ አትክፈል።

ባለማኅበሩ፦
ከ20 ሺው ላይ የመመለሻውን ትኬት ብር መጀመሪያ ቀንስና ለእናትህ ስጣት፣ መቀነቷ ላይ ትቋጥረው። በቀረው ነው ሐረር ላይ የምትዝናኑት። ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ቀን መነኻሪያ ሄደህ ወይም ደውለህ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቅ። በሌሊት እንጓዝ የሚልህ ካለ ደግሞ ርካሽ ቢሆንም አትሳፈር።

የጀጎል ልጅ፦
ጃንጥላውን ከአዲስ አበባ ገዝተህ ና፤ ቁልቢ በር ላይ ያለው ይወደዳል። አውቶቡሱ ላይ ከጭነት ጋር እንዳይሰቅሉት፣ በእጅህ ያዘው።