ቦአ ያደነውን እንስሳ አጥንት ያደቅቃል? ለልጄ እንዴት ላስረዳት?

የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የስምንት ዓመት ልጄ በሥዕላዊ መጽሐፍ ላይ ቦአ የተባለውን የአሜሪካ ሐሩራማ አገሮች እባብ ካየች ወዲህ ጥያቄዋ አላባራ ብሎኛል። ከልጅነቴ የሰማሁትን ይዤ «ተጠምጥሞ አጥንቱን አድቅቆ ይገድለዋል» ብላት፣ «ታዲያ ሲውጠው ስብርባሪው ጉሮሮውን አይወጋውም?» ብላ አፍ አስያዘችኝ። ደግሞስ ከእኛ ዘንዶ ጋር አንድ ነው? ሳላስፈራራት፣ ሳልዋሻትም ምን ልበላት?

የሥነ ሕይወት መምህር፦
ልጅዎ ልክ ናት፤ ቦአ የሚገድለው አጥንት በማድቀቅ አይደለም። ብዙ መጻሕፍት «ትንፋሽ አሳጥቶ ይገድላል» ሲሉ ቆይተዋል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን ቦአ በተጠመጠመባቸው አይጦች ላይ የደም ዝውውር በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ እንደሚዳከም አሳይቷል። ደም ወደ አንጎል ካልደረሰ እንስሳው ፈጥኖ ራሱን ይስታል። ልጅዎ የጣቷን ጥፍር ጫን ታድርገው፤ ደሙ ስለሚሸሽ ይነጣል፣ ስትለቀው መልሶ ይቀላል። ጥምጥሙ ይህንኑ በመላ ሰውነት ላይ ያደርጋል። እባቡ የታዳኙን የልብ ምት በአካሉ ስለሚያዳምጥ ምቱ ሲቆም መጭመቁን ይተዋል፤ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው።

የሦስት ልጆች አባት፦
ስለ ዘንዶው ልጨምር። የእኛ ዘንዶ ፓይተን የተባሉት እባቦች ወገን ስለሆነ እንቁላል ይጥላል፤ ቦአ ግን ሕይወት ያላቸው ልጆች ይወልዳል፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ጊዜ ከሃያ በላይ። ልጆቹ ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ራሳቸውን ችለው ይኖራሉ፤ ትንሽ ሳሉ ዛፍ መውጣት ያዘወትራሉ፣ ሲከብዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ ይውላሉ። የደረሰ ቦአ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይረዝማል፤ መርዝ የለውም፣ ምግቡም አይጥ፣ ወፍ፣ እንሽላሊትና የሌሊት ወፍ ነው። ሲውጥ መንጋጋው ይወልቃል የሚባለው ስሕተት ነው፤ የታችኛው መንጋጋ ግራና ቀኝ በሚለጠጥ ጅማት ስለተያያዙ እየተፈራረቁ ወደፊት ይራመዳሉ።

የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ጥፍሯን ስትጫን አመሸች፤ አሁን ደግሞ «እሱ ራሱ በሆዱ እየጨመቀ እንዴት ይተነፍሳል?» ትላለች።

የሥነ ሕይወት መምህር፦
ተመራማሪዎችም ይህንኑ ጠይቀው ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ በቦአ ጎድኖች ላይ ጠቅልለው ሲነፉት፣ እባቡ የታፈነውን ክፍል ትቶ ነፃ በሆኑት ጎድኖቹ መተንፈሱን ቀጠለ። ሲውጥ ደግሞ የመተንፈሻ ቱቦው አፍ በምላሱ በኩል ወደፊት ወጣ ስለሚል፣ አፉ ሞልቶም አየር ያገኛል።